«ታወር» ምንድን ነው? የአውሮፕላን ማረፊያ መቆጣጠሪያ ማማ ሥራና ወሰን

አንድ አውሮፕላን በ10,000 ሜትር ከፍታ ላይ ችግር ሲገጥመው በዜና የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ «ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ» የሚል ነው። ነገር ግን በዚያ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከየትኛውም ማማ ጋር አይነጋገርም። የሚያነጋግረው ባለሙያ ምናልባት በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ ውጭ የሚያሳይ መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ ራዳር ፊት የተቀመጠ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ቅጥር ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው ባለ መስታወት ሕንፃ የዚህ ሰፊ ሥርዓት አንድ አካል ብቻ ሲሆን፣ ሥልጣኑም ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ የጠበበ ነው። የጠበበ መሆኑ ግን ሥራውን አያቀልለውም፤ በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ከፍተኛው የሰው ሕይወት የጠፋበት አደጋ የደረሰው አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነው።

በ1944 በቺካጎ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ኢካኦ፣ የመቆጣጠሪያ ማማን የሚተረጉመው ለአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ትራፊክ የቁጥጥር አገልግሎት ለመስጠት የተቋቋመ የሥራ ክፍል አድርጎ ነው። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ከፍታም ሆነ ስለ መስታወት የተባለ ነገር የለም። «ታወር» ማለት በሕግ ፊት ኃላፊነት የተሰጠው፣ በሬዲዮ ሲጠራ በዚህ ስም መልስ የሚሰጥ የባለሙያዎች ቡድን ነው፤ ሕንፃው ይህ ቡድን ሥራውን በዓይኑ እያየ እንዲሠራ የተሠራለት መሣሪያ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ የምናነሳቸው ማማ አልባ ማማዎች ሐሳቡን ያስለውጡታል።

ለመሆኑ የአውሮፕላን ማረፊያ ትራፊክ ሲባል ምን ምንን ያጠቃልላል? በመሬት በኩል አውሮፕላኖች የሚነሱበትንና የሚያርፉበትን ማኮብኮቢያ፣ እንዲሁም ማኮብኮቢያውን ከመቆሚያ ሥፍራው ጋር የሚያገናኙትን ታክሲዌይ የሚባሉ መንገዶች ይይዛል። በአየር በኩል ደግሞ ለማረፍ የተቃረቡትን፣ ገና የተነሱትንና በማረፊያው ዙሪያ የሚዞሩትን ያካትታል። በማረፊያው ዙሪያ የሚከለለው የአየር ክልል እንደየቦታው ቢለያይም፣ የኢካኦ ደንብ አውሮፕላኖች በሚመጡበት አቅጣጫ ቢያንስ 5 የባሕር ማይል፣ ማለትም 9 ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል እንዲሆን ይጠይቃል። መንገደኛ የሚሳፈርበትና ሻንጣ የሚጫንበት የመቆሚያ ሥፍራ ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ነው፤ በብዙ ትልልቅ ማረፊያዎች ይህን ቦታ የሚያስተናግደው የማረፊያው አስተዳደር ወይም አየር መንገዱ ያቋቋመው ሌላ ክፍል ነው። ስለዚህ አውሮፕላንዎ በሩ ተዘግቶ ሳለ ነዳጅ መኪና መንገድ ዘግቶበት ቢዘገይ ታወሩን መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

አንድ መደበኛ በረራ ከመነሻው እስከ ሰማይ ስንት እጅ እንደሚቀባበለው መከተል ወሰኑን ያጠራዋል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዋና አብራሪው ወይም ረዳቱ «ዴሊቨሪ» የሚባለውን ፍሪኩዌንሲ ጠርተው የጉዞ መስመራቸውን፣ መጀመሪያ የሚወጡበትን ከፍታና በራዳር የሚለዩበትን ባለ አራት አኃዝ ኮድ ይቀበላሉ። ቀጥሎ «ግራውንድ» የሚባለው ተቆጣጣሪ በየትኛው ታክሲዌይ አልፈው የትኛው ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ እንደሚቆሙ ያዛቸዋል። ማኮብኮቢያው አፍ ላይ ሲደርሱ «ታወር» ወደሚለው ፍሪኩዌንሲ ይዛወራሉ፤ ወደ ማኮብኮቢያው የመግባትም ሆነ የመነሳት ፈቃድ የሚሰጠው እዚህ ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱም ብዙውን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ትራፊክ በማይበዛበት ማረፊያ ደግሞ አንድ ሰው ሦስቱንም ደርቦ ይሠራል። አውሮፕላኑ ከመሬት ከተላቀቀ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ታወሩ ተሰናብቶት በራዳር ለሚሠራው የአቀራረብና የመነሻ ቁጥጥር ክፍል ያስረክበዋል። ይህ ክፍል እስከ 40 ወይም 50 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን አካባቢ ከያዘ በኋላ፣ እሱም በተራው የሰማዩን አውራ ጎዳናዎች ለሚከታተለው የአካባቢ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያስተላልፈዋል። በአሥር ሰዓት በረራ ውስጥ የመነሻው ታወር ድርሻ ጥቂት ደቂቃ፣ የመድረሻውም እንዲሁ ጥቂት ደቂቃ ነው።

የቦታው ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1920 ለንደን አጠገብ በነበረው በክሮይደን ማረፊያ የተሠራችውና የመጀመሪያዋ መቆጣጠሪያ ማማ ተብላ የምትጠቀሰው ቤት ከፍታዋ 15 ጫማ፣ ማለትም ከአራት ሜትር ተኩል ብዙም ያልዘለለ፣ በአራቱም ማዕዘን መስኮት ያላት የእንጨት ጎጆ ነበረች። በአሜሪካ ደግሞ በ1929 አርቺ ሊግ የሚባል ሰው በሴንት ሉዊስ ማረፊያ በጋሪ ወንበርና ጥላ እየገፋ ወደ ሜዳው ይሄድና፣ በአንድ እጁ ቀይ፣ በሌላው ባለ ዳማ ባንዲራ እያውለበለበ አብራሪዎችን «ቁም» ወይም «ሂድ» ይል ነበር። በማግስቱ ዓመት በክሊቭላንድ ሬዲዮ የተገጠመለት ማማ ሥራ ሲጀምር ባንዲራው ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ራዳሩም ኮምፒውተሩም፣ በዚህ የሬዲዮ ንግግር ላይ የተጨመረ ነው ማለት ይቻላል።

ከማማው አናት ላይ ያለው ክፍል ሲታይ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የመስታወቱ አቀማመጥ ነው። መስታወቶቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ከላይ ወደ ውጭ ጋደል ብለዋል። መስታወት ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮ ሌሊት ላይ የስክሪኖቹና የመብራቶቹ ነጸብራቅ ተቆጣጣሪው ዓይን ፊት ይደቀንና የውጭውን ጨለማ ይሸፍንበት ነበር። ወደ ውጭ ሲጋደል ግን መስታወቱ ለተቆጣጣሪው የሚያንጸባርቀው ከበላዩ ያለውን ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ሆን ተብሎ ጥቁር ይቀባል። የማማው ቁመትም በዘፈቀደ አይወሰንም። ተቆጣጣሪው የሩቁን ማኮብኮቢያ ጫፍ ከሕንፃዎችና ከቆሙ አውሮፕላኖች በላይ ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት አውሮፕላኖች ከርቀት አንዱ ከሌላው ፊት ይሁን ኋላ መለየት እንዲችል በቂ የቁልቁለት ማዕዘን ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው ሰፋፊ ማረፊያዎች ረጃጅም ማማ የሚሠሩት፤ የባንኮኩ ሱቫርናቡሚ ማማ 132 ሜትር፣ የጅዳው 136 ሜትር ይደርሳል። ቁመት የራሱ ዕዳ እንዳለው ግን መዘንጋት የለበትም፤ ዝቅተኛ ደመና ሲመጣ መሬቱ ጥርት ብሎ ሳለ ማማው አናቱ ደመና ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ከመስታወቱ በታች ያለው ጠረጴዛ ላይ በብዙ ማማዎች እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ ለተመልካች ኋላ ቀር ሊመስለው ይችላል። እያንዳንዱ በረራ ስትሪፕ በምትባል ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ይወከላል። የጥሪ ስሙ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ መዳረሻው፣ ኮዱና የተሰጠው ከፍታ በላይዋ ይሰፍራል፤ ወረቀቷ በፕላስቲክ መያዣ ገብታ ሰሌዳ ላይ ትደረደራለች። ቅደም ተከተሉ የትራፊኩ ቅደም ተከተል ነው፤ አውሮፕላን ሲንቀሳቀስ ወረቀቷም ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ትሸጋገራለች፤ ከግራውንድ ወደ ታወር ሲዛወር ደግሞ ወረቀቷ ከአንዱ ተቆጣጣሪ እጅ ወደ ሌላው እጅ ታልፋለች። ከሰሌዳው ውስጥ አንዱ ረድፍ ለማኮብኮቢያው ብቻ የተከለለ ነው። የፍተሻ መኪና ማኮብኮቢያ ላይ ከገባ፣ ቀለሟ ከሌሎቹ የሚለይ ስትሪፕ በዚያ ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ መኪናው መውጣቱን አስታውቆ ወረቀቷ እስክትነሳ ድረስ ማንም እዚያ ማኮብኮቢያ ላይ እንዲያርፍ ወይም እንዲነሳ አይፈቀድለትም። ብዙ ማረፊያዎች ዛሬ ይህን በስክሪን ላይ በሚንቀሳቀስ ምስል ተክተውታል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው፤ የሰው ትዝታ ብቻውን እንዳይታመን ይጠብቃል። የካቲት 1 ቀን 1991 በሎስ አንጀለስ ማረፊያ ምሽት ላይ የሆነው የዚህን አስፈላጊነት ያሳያል። ተቆጣጣሪዋ ማኮብኮቢያ ላይ ገብቶ እንዲጠብቅ ያዘዘችው አነስተኛ አውሮፕላን ከሌላ ጋር ተምታቶባት፣ በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ ለአንድ ቦይንግ 737 የማረፍ ፈቃድ ሰጠች። ከሠላሳ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት 12 ሰዎች አንድም አልተረፈም። መርማሪዎቹ ጣታቸውን ወደ ግለሰቧ ብቻ አልቀሰሩም፤ አንድ ሰው ሲረሳ የሚደግፍ ሁለተኛ መከላከያ በማማው አሠራር ውስጥ አለመኖሩን ዋና ጉድለት አድርገው አስቀምጠዋል።

የታወሩ ሥራ ሁሉ በመጨረሻ ወደ አንድ ደንብ ይሰበሰባል፤ በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ አውሮፕላን ብቻ። ቀድሞ ያረፈው ሳይወጣ ለሚቀጥለው ቦታ የለም፤ በተወሰኑ ሁኔታዎች የሚፈቀዱ ልዩ አሠራሮች ቢኖሩም መነሻው ይህ ነው። ደንቡን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጊዜው ነው፤ በሥራ ሰዓት የሚያርፉት አውሮፕላኖች በሁለት ደቂቃ ልዩነት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይከታተላሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ የሚነሳ አውሮፕላን ማስገባት ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪው የሚመጣውን ርቀት፣ የወጪውን ፍጥነት፣ ያረፈው በየትኛው መውጫ እንደሚታጠፍ በአንድነት አስልቶ «አሁን» ወይም «ቆይ» ይላል። ስሌቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ ሌላ ነገርም ይገባል፤ ከባድ አውሮፕላን ሲነሳ ከክንፎቹ ጫፍ የሚወጣው የአየር አዙሪት ከኋላው የሚመጣውን ቀላል አውሮፕላን ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ከከባድ አውሮፕላን ኋላ ከዚያው ቦታ የሚነሳ መካከለኛ ወይም ቀላል አውሮፕላን በኢካኦ ደንብ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። ማኮብኮቢያው ባዶ ሆኖ እየታየ አውሮፕላንዎ ቆሞ ሲጠብቅ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በንግግር ነው፤ ንግግሩም ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው የሬዲዮ ክልል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ሊናገርበት በሚችል መስመር ላይ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ቁልፉን ቢጫኑ ሌሎቹ የሚሰሙት ፉጨት ወይም የተበላሸ ድምፅ ነው። በዚህ ምክንያት ንግግሩ በተወሰኑ ቃላት የታጠረ ነው፤ የማኮብኮቢያ ቁጥርን፣ የመግባት፣ የመሻገር፣ የማረፍና የመነሳት ፈቃድን የሚመለከት ትእዛዝ ሁሉ አብራሪው መልሶ መድገም አለበት፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ድግግሞሹን አዳምጦ ስህተት ካለ ወዲያው ማረም ግዴታው ነው። ተቆጣጣሪው «ከማኮብኮቢያ 27 ፊት ቁም» ቢልና አብራሪው «እሺ፣ ተረድቻለሁ» ብቻ ቢመልስ ትእዛዙ እንደደረሰ አይቆጠርም፤ «ከማኮብኮቢያ 27 ፊት እቆማለሁ» ብሎ ከነጥሪ ስሙ መናገር ይኖርበታል። (ቁጥሩ የማኮብኮቢያው አቅጣጫ ነው፤ 27 ማለት በኮምፓስ ወደ 270 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ያመራል፤ ያው አስፋልት ከሌላኛው ጫፍ ሲታይ 09 ይባላል።)

የዚህ ጥብቅነት ዋጋ የተከፈለው መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፌ ደሴት ሎስ ሮዴዮስ ማረፊያ ነው። በአቅራቢያው ባለ ሌላ ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ በርካታ አውሮፕላኖች ወደዚህ አነስተኛ ማረፊያ ተዛውረው ነበር፤ መቆሚያው ስለተጨናነቀ ለመነሳት የሚዘጋጁት በራሱ በማኮብኮቢያው ላይ መጓዝ ነበረባቸው። ጭጋግ ወረደ። ከማማው ሆኖ ማኮብኮቢያው አይታይም፤ የመሬት ራዳርም አልነበረም። የኬኤልኤም ቦይንግ 747 ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ተቆጣጣሪው ከተነሳ በኋላ የሚከተለውን መስመር ነገረው፤ ይህ የጉዞ መስመር እንጂ የመነሳት ፈቃድ አልነበረም፤ ነገር ግን «መነሳት» የሚለው ቃል በውስጡ ነበረበት። ረዳት አብራሪው መስመሩን ደግሞ «አሁን መነሳት ላይ ነን» የሚል አሻሚ ሐረግ ጨመረበት። ተቆጣጣሪው «እሺ» ብሎ «ለመነሳት ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ» ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ገና ማኮብኮቢያው ላይ የነበረው የፓን አም 747 «እኛ አሁንም ማኮብኮቢያው ላይ ነን» ብሎ ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ፤ በኬኤልኤም አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው «እሺ» እና ከዚያ ቀጥሎ ፉጨት ነበር። 583 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ «መነሳት» የሚለው ቃል በሬዲዮ የሚነገረው ፈቃዱ በራሱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ ሁሉ «መውጣት» ይባላል። «እሺ» የሚል ብቸኛ መልስም ለማኮብኮቢያ ትእዛዝ ተቀባይነት አጣ።

አደጋው ሌላም ነገር አጋልጧል፤ በዓይን ማየት ላይ የተመሠረተ ሥራ ዓይን ሲታወር ምን ይሆናል? ጥቅምት 8 ቀን 2001 ሚላን በሚገኘው ሊናቴ ማረፊያ በከባድ ጭጋግ አንድ ትንሽ ጄት መንገድ ስቶ ማኮብኮቢያው ውስጥ ገባና እየተነሳ ከነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ 118 ሰዎች ሞቱ። የማረፊያው አሮጌ የመሬት ራዳር ከአገልግሎት ወጥቶ አዲሱ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ዛሬ ትልልቅ ማረፊያዎች የእያንዳንዱን አውሮፕላንና መኪና ቦታ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ማኮብኮቢያው አፍ ላይ ቀይ መብራት የሚያበራ መቆሚያ መስመር፣ ግጭት ሲያንዣብብ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አላቸው። ቢሆንም ጥር 2 ቀን 2024 ምሽት በቶኪዮ ሃኔዳ ማረፊያ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከቆመ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ ሲያመልጡ ከጠረፍ ጥበቃው ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞተዋል። ለአነስተኛው አውሮፕላን የተሰጠው ትእዛዝ ወደ መጠበቂያው ሥፍራ እንዲሄድ፣ ለመነሳትም ተራው «ቁጥር አንድ» እንደሆነ የሚገልጽ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ማኮብኮቢያው ገባ። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ በማማው ስክሪን ላይ ቢታይም ልብ ያለው አልነበረም። ከአደጋው በኋላ «ቁጥር አንድ» የሚለው አነጋገር ለጊዜው እንዲቆም መደረጉ፣ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላም ነገሩ ከአንድ ሐረግ ጋር መያያዙን ያሳያል።

እስካሁን «ቁጥጥር» ስንል ቃሉ ከሚያሳስበው በላይ ሥልጣን እንዳለ እንዳይመስል አንድ ነገር ማጥራት ይገባል። ታወሩ አውሮፕላን አያበርም። የበረራው የመጨረሻ ውሳኔ የዋና አብራሪው ነው፤ ለደኅንነት ሲል ከትእዛዝ ሊወጣ ይችላል፤ ምክንያቱን ማስረዳት ግን ይጠበቅበታል። «ማረፍ ተፈቅዶልሃል» ማለት ማኮብኮቢያው ለአንተ ነፃ ነው ማለት እንጂ የግድ እረፍ ማለት አይደለም። ለማረፍ ሲቃረብ ያልተመቸው አብራሪ ማንንም ሳያስፈቅድ ሞተሩን አጎልብቶ ተመልሶ ይወጣል፤ ከዚያ ያስታውቃል። በዚህ ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው የዩበርሊንገን ግጭት ከታወር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሆኖም በታወር ስም ሲወራ ይሰማል። ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት በጀርመን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ሲጋጩ ይከታተላቸው የነበረው የዙሪክ የአካባቢ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበር። በአንዱ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ «ውጣ» እያለ ተቆጣጣሪው «ውረድ» አለ፤ አብራሪዎቹ ተቆጣጣሪውን ታዘዙ፤ 71 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ መሣሪያውና ሰው ሲጋጩ አብራሪው መሣሪያውን እንዲከተል በማያሻማ ቃል ተደንግጓል።

ሬዲዮ ሲበላሽስ? አብራሪው በኮዱ ላይ 7600 ያስገባል፤ ይህ ቁጥር በራዳር ለሚያየው ሁሉ «መስማትም መናገርም አልቻልኩም» ማለት ነው። 7700 አጠቃላይ አደጋን፣ 7500 ጠለፋን ያመለክታል። ታወሩ ጋ ደግሞ ለዚህ ጊዜ የተቀመጠ፣ በእጅ የሚነጣጠር መብራት አለ። ወደሚበር አውሮፕላን ሲበራ ያልተቋረጠ አረንጓዴ «እረፍ»፣ ያልተቋረጠ ቀይ «ለሌላ ቅድሚያ ስጥና መዞር ቀጥል»፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ «ማረፊያው አደገኛ ነው፣ አትረፍ» ማለት ነው። መልእክቱ መድረሱን አብራሪው ቀን ከሆነ ክንፎቹን በማወዛወዝ፣ ሌሊት ከሆነ የማረፊያ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ በማድረግ ያረጋግጣል። የሊግ ባንዲራ ጡረታ ወጣ ብለን ነበር፤ የልጅ ልጁ እነሆ በመሳቢያ ውስጥ አለ።

ታወር የሌለው አውሮፕላን ማረፊያ ብርቅ አይደለም፤ እንዲያውም ታወር ያለው ነው ጥቂቱ። በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት 5,000 ያህል ማረፊያዎች ውስጥ ታወር ያላቸው 500 ገደማ ናቸው። በቀሩት አብራሪዎቹ በአንድ የጋራ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉበትንና የሚያደርጉትን እየተናገሩ ራሳቸው ይተራረማሉ። በመካከል ያለ ደረጃም አለ፤ በአንዳንድ ማረፊያዎች ከማማ የማይለይ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሬዲዮ ሲመልስ ራሱን «ታወር» ሳይሆን «ኢንፎርሜሽን» ብሎ ይጠራል። ይህ ሰው የነፋሱን አቅጣጫ፣ ሌላ አውሮፕላን መኖሩን፣ የማኮብኮቢያውን ሁኔታ ይናገራል፤ ፈቃድ ግን አይሰጥም፤ የመነሳትና የማረፍ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ የአብራሪው ነው። ሕንፃው አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ቦታ ታወር፣ በሌላው ታወር ያልሆነው በዚህ ነው፤ አንዳንድ ማረፊያ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በሰዓት ይሆናል፤ ቀን ታወሩ ይሠራል፣ ማታ ተዘግቶ ያው ማኮብኮቢያ ያለ ቁጥጥር ክፍት ሆኖ ያድራል።

በተቃራኒው ደግሞ ማማ ሳይኖር ታወር የሚኖርበት ዘመን መጥቷል። በ2015 በስዊድን የኧርንሸልድስቪክ ማረፊያ ከሱንድስቫል ከተማ በርቀት መቆጣጠር ጀመረ፤ በማረፊያው ላይ የቆመው ሰው የሌለበት የካሜራ ምሰሶ ነው። በ2021 የለንደን ሲቲ ማረፊያ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ አሠራር ገባ፤ 50 ሜትር ከፍታ ያለው ምሰሶ የሚያነሳው ምስል ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ስዋንዊክ ይላካል፤ ተቆጣጣሪዎቹ በዙሪያቸው በተደረደሩ ስክሪኖች ላይ ማኮብኮቢያውን ያያሉ። ምስሉ ላይ የአውሮፕላኑ የጥሪ ስም ከጎኑ ተጽፎ ይከተለዋል፤ ካሜራው ያጎላል፤ በመስታወት ውስጥ የማይገኝ ጥቅም ነው። በአንጻሩ የመረጃ መስመሩ ቢቋረጥ ተቆጣጣሪው በአንድ ጊዜ ዓይኑን ስለሚያጣ፣ ምስሉ በተለያዩ መንገዶች የሚሄዱ ከአንድ በላይ መስመሮች እንዲኖሩት ይደረጋል። ይህ አሠራር ቢያንስ ለአነስተኛ ማረፊያዎች የሚያዋጣ ይመስላል፤ በቀን ጥቂት በረራ ለሚያስተናግድ ቦታ ሙሉ ማማ ሠርቶ ሌት ተቀን ባለሙያ ማስቀመጥ ከባድ ወጪ ነውና። በአንድ ክፍል የተቀመጠ አንድ ተቆጣጣሪ የሁለት ወይም የሦስት ማረፊያዎችን ትራፊክ በአንድ ጊዜ ይያዝ የሚለው ሐሳብ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ሎስ አንጀለስ ላይ የታየው መምታታት የደረሰው በአንድ ማረፊያ ውስጥ ነው። ለአብራሪው ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ወደ ለንደን ሲቲ የሚቀርብ አብራሪ አሁንም «ታወር» ብሎ ይጣራል፣ መልሱም በዚያው ስም ይመጣለታል።